የአምስት ሰው ጃኬት

ባለፈው እሁድ እማዬ ቤት ነበርኩ። የእህቴ ልጅ አልበም ስታገላብጥ ቆየችና፣ "ጋሼ፣ ያኔ ሁሉም ሰው ይሄን ጃኬት ነበር እንዴ የሚለብሰው?" አለችኝ። አምስት ፎቶ ምንጣፉ ላይ ደርድራለች። አምስት ጎረምሳ፣ አምስት የተለያየ ፊት፣ አምስቱም ላይ ያው ሰማያዊ ጃኬት፣ ደረቱ ላይ ያው ቢጫ ቁጥር። ከኋላ ግድግዳው ላይ የተሳለው ፏፏቴም ያው ነው። ትምህርት ቤታቸው "የናይንቲስ ፓርቲ" ስላዘጋጀ የምትለብሰው ነገር እየፈለገች ነው አልበሙን ከቁም ሳጥን ላይ ያወረደችው። የገባት ያ ጃኬት በጊዜው አዲስ አበባን ያጥለቀለቀ ፋሽን እንደነበረ ነው።

"አንድ ጃኬት ነው" አልኳት።

"አዎ፣ አንድ ዓይነት ነው፤ እሱን እኮ ነው የምልህ።"

"አንድ ዓይነት አይደለም። አንድ።"

ከዚህ በኋላ ማስረዳት ነበረብኝ፤ ማስረዳቱ ደግሞ ከዘመን አቆጣጠር ጀመረ። ናይንቲስ ስትለኝ "የእኛ ነው የእነሱ?" ብዬ ጠየቅኳት። አልቀለድኩም። የፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ሲዘጉ የእኛ 1990ዎቹ ገና ሦስተኛ ዓመታቸውን እንኳን አልጨረሱም ነበር። የእኛ የተዘጉት መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው፤ በእነሱ 2007 መሆኑ ነው። ይህ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት በወረቀት ላይ ብቻ አልነበረም፤ በልብስም ይሠራ ነበር። ቱፓክ ሻኩር የሞተው መስከረም 3 ቀን 1989 ዓ.ም. ነው። የእኛ 1990ዎቹ ሳይጀመሩ። እኛ ግን ሙሉውን አስር ዓመት ደረታችን ላይ ይዘነው ዞርን፤ በሚኒባሶች የኋላ መስታወት ላይ ተለጥፎ ከፒያሳ አራት ኪሎ ሲመላለስ ኖረ። ጆተኒ ቤት ውስጥ "ቱፓክ አልሞተም፣ ኩባ ነው ያለው" የሚል ክርክር ተነስቶ አንድ ጨዋታ ሳይጫወቱ ሲመሽ አይቻለሁ። ኩባ መሆኑን የሚያውቀው ልጅ፣ የሚያውቀው እንዴት እንደሆነ ሲጠየቅ "ላሽ በሉ፣ ፋራ ሁላ" ብሎ ያልፍ ነበር።

እናም ጃኬቱ። 1995 ዓ.ም.፣ ዶሮ ማነቂያ፣ አምስት የአንድ ሰፈር ልጆች። እናቶቻችን እሁድ እሁድ ተሰብስበው ዕቁብ ሲጥሉ እያየን ስላደግን እኛም ጣልን። በወር 20 ብር፤ ዕጣ የወጣለት 100 ብሩን ይዞ ጫማ ይገዛበታል። ውሉ ጫማ ነበር፤ ቲምበርላንድ፣ ወይም ከሩቅ ሲያዩት ቲምበርላንድ የሚመስል። 20 ብሩ የሚመጣው ታክሲ ትቶ በእግር ከመሄድና ያላለቀ ደብተር አልቋል ከማለት ነው። የመጀመሪያው ዕጣ ለረጅሙ ጓደኛችን ወጣ። ረጅሙ መርካቶ ወርዶ፣ ከእናቱ የተቀበለውን 60 ብር ጨምሮበት፣ ጫማውን ትቶ ጃኬት ገዝቶ መጣ። በሁለተኛው ወር 20 ብሩን አላመጣም። በሦስተኛውም አላመጣም።

ዕቁብ በልቶ መካድ በእኛ ሰፈር ከሌብነት የማይተናነስ ነውር ነው። ትልልቆቹ ቢሆኑ ዋስ ይጠሩ ነበር፤ እኛ ዋስ የሚባል ነገር አላሰብንም። ጆተኒ ቤቱን የሚጠብቀውን፣ ከእኛ አምስት ዓመት የሚበልጠውን ልጅ ዳኛ አደረግነው። ሁለቱንም ወገን እጀታውን እያሽከረከረ ሰማ። ከዚያ "ጃኬቱ የዕቁቡ ነው" ብሎ ፈረደ። ረጅሙ የእናቱን 60 ብር አንስቶ ይግባኝ አለ። ዳኛው "60 ብሩ የዚፑ ነው" አለና ኳሷን ወረወረ።

በቃ። ጃኬቱ የአምስታችን ሆነ።

ስለ ጃኬቱ ትንሽ ልናገር። ፉቡ ነበር፤ ማለትም ፉቡ ለመሆን የሞከረ። ደረቱ ላይ 05 የሚል ትልቅ ቢጫ ቁጥር አለው፤ ከቁጥሩ በታች ስሙ በክር ተጽፏል። ከሦስት ወር በኋላ ነው አንዳችን ስሙ "ፉቦ" ተብሎ እንደሚነበብ ያስተዋለው፤ መጨረሻው ላይ በዩ ፈንታ ኦ ነበር የተሰፋው። ሦስት ወር ሙሉ በዚህ ነገር ስንኮራ እንደነበር ሳስበው አሁንም ያልበኛል። ወስደን ለልብስ ሰፊ አሳየነው። አልሳቀብንም። የኦዋን አናት በምላጭ ፈታላትና ዩ ሆነች። ያስከፈለንን ብር አላስታውስም፤ ብቻ ከዕቁቡ ሁሉ ጥሩ የወጣው ገንዘብ እሱ ነበር።

እውነተኛውን ፉቡ የጀመረው ዴይመንድ ጆን የሚባል ሰው ነው፤ ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ፣ በፈረንጆች 1992፣ ከሰፈር ጓደኞቹ ጋር እናቱ ቤት ውስጥ እየሰፋ። የስሙ ትርጉም "ለእኛ፣ በእኛ" ማለት መሆኑን ያወቅኩት ጃኬቱ ከሄደ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ብናውቅ ኖሮ ለዳኛው እናነብለት ነበር።

አሁን ዋናው ነገር የምለው ላይ ደረስኩ። ብዙ ሰው ስለዚያ ዘመን ሲያወራ ሰፊ ልብስ እንወድ ነበር ይላል። እውነት ነው፣ እንወድ ነበር። ቪሲዲ ላይ የምናያቸው ራፐሮች ሁለት ሰው የሚይዝ ሱሪ ነበር የሚለብሱት። እኔ ግን ከመውደድ ያለፈ ምክንያት እንደነበረን አምናለሁ፤ ሰፊ ልብስ የሚከፋፈል ልብስ ነው። ከአምስታችን ረጅሙ ረጅም ነው፤ እኔ አጭር ነኝ፤ አንደኛው በዚያ ዕድሜው ቦርጭ ጀምሯል። ጃኬቱ ኤክስ ኤክስ ኤል ስለሆነ ለማናችንም ልክ አልነበረም። ለዚህ ነው ለሁላችንም ልክ የሆነው። እኔ ላይ እጅጌው ጣቴን አልፎ ይወርዳል፤ ያ ደግሞ ያኔ ጉድለት አይደለም፣ አራድነት ነው። ሱሪም ቢሆን ከታላቅ ወንድም የወረደ፣ ከሳልቫጅ ክምር የተጎተተ፣ በቀበቶ ተሰብስቦ የሚያዝ ነበር። ሰልቃቃነት ሁሉ ፋሽን የሆነበት ጊዜ ለደሃ ሰፈር ልጅ እንዴት ያለ በረከት እንደሆነ የሚያውቀው የኖረበት ነው።

የተራው አወጣጥ ራሱን የቻለ ሒሳብ ነበር። ከሰኞ እስከ አርብ ዩኒፎርም ስለሆነ ጃኬቱ ዋጋ የለውም። ዋጋ ያለው ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ ነው። ሁለት ቀን፣ አምስት ሰው። ስለዚህ የአንድ ሰው ተራ ሲመጣ የዚያ ሰው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ወክ። የተቀረነው አጃቢ ነን።

ወክ ማለት የዛሬ ልጆች እንደሚያስቡት መራመድ አይደለም። መነሻና መድረሻ አለው፤ ጉዳይ ግን የለውም። ከዶሮ ማነቂያ እንወጣና በቸርችል ጎዳና አናት፣ በማዘጋጃ ቤቱ በኩል አድርገን ምኒልክ አደባባይ፤ ጊዮርጊስን ተሳልመን ወደ ፒያሳ እንብርት፤ ወርቅ ቤቶቹን፣ ሲኒማ ኢትዮጵያን፣ ሲኒማ አምፒርን አልፈን በራስ መኮንን ድልድይ አራት ኪሎ። ከዚያ በዚያው መንገድ መመለስ። ሕጎች ነበሩት። እጅ ላይ ምንም ነገር አይያዝም፤ ፌስታል የያዘ ሰው ተልኮ ነው የሚሄደው። አይቸኮልም። ዳገት ላይ አይነፈስም። ወርቅ ቤት መስታወት ፊት ሲደረስ ወርቁን እያዩ መምሰል፣ የሚያዩት ግን ራስን ነው። ባለ ወርቅ ቤቶቹ ይህን የማያውቁ አይመስለኝም፤ ዝም ይሉናል። ካሴት ቤት ደጃፍ ሲደረስ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ምክንያቱም ዘፈኑ አዲስ ከሆነ እዚያ ቆሞ ነው የሚሸመደደው። በ1997 ቴዲ አፍሮ ካሴት ሲያወጣ ከአንዱ ሱቅ እስከሚቀጥለው ያለው ዘፈን ሳይቋረጥ ይከተልህ ነበር። ዘሪቱ ከበደ የመጣችውም ያኔ አካባቢ ነው፤ ሴቶቹ ጸጉራቸውን እንደሷ ለመተው ደፈሩ፣ ወይም ደፈሩ ተባለ።

ይህን ስተርክ እህቴ ከጓዳ ሰማችኝና ወጣች። "ወክ ወክ ትላለህ፣ ማን ነበር የሚተኩስልህ?" አለች። ልክ ናት። ሱሪዬን የሚተኩሰው የእሷ እጅና የከሰል ካውያ ነበር። የእሷ ወክ ደግሞ ከእኛ ጋር አንድ አልነበረም። እኛ እጃችንን ባዶ አድርገን ስንኮራ፣ እሷ እጇን ባዶ አድርጋ ፒያሳ ላይ ከታየች "ምን ትሠራ ነበር?" የሚል ጎረቤት ቤት ድረስ ይመጣል። ስለዚህ ዘንቢል ትይዛለች። ዘንቢሉ ባዶ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቢጎዲን ታስራ፣ ካስክ ውስጥ ተቀምጣ፣ ከሰዓት ሶሉ ወፍራም ጫማ አድርጋ፣ ባዶ ዘንቢል ይዛ ያንኑ መንገድ ከጓደኞቿ ጋር ትሄዳለች። ስትመለስ ዳቦ ትገዛበታለች፣ ለምስክር። "አንድ ቀን ጃኬታችሁን ለብሼዋለሁ" አለችኝ በዚያው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አልሰማሁም ነበር። "መቼ?" አልኳት። "ዝናብ ሲዘንብ" ብላ ተመልሳ ገባች።

ጭቅጭቁ የሚብሰው ጥምቀት ነው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? ከተራ፣ ጥምቀት፣ ቃና ዘገሊላ፤ ሦስት ቀን፣ አምስት ሰው። በ1996 ዕጣ አወጣን። ከተራ ለረጅሙ፣ ጥምቀት ለእኔ፣ ሚካኤል የሚገባበት ቀን ለባለ ቦርጩ ደረሰ። ሁለቱ ያልደረሳቸው አኮረፉ። ጥር 11 ጃንሜዳ ጃኬቱን ለብሼ ገባሁ፤ ሎሚ ይወረወራል፣ ይጨፈራል፣ ጸሐዩ አናት ይበሳል። ጃኬቱ የክረምት ነው። ላብ እንደ ጠበል ወረደብኝ፤ አላወለቅኩም። ማውለቅ ማለት ክንድ ላይ ማንጠልጠል ነው፤ ክንድ ላይ የተንጠለጠለ ደግሞ 05ቱ አይታይም። ያን ቀን ሎሚ አንድም አልወረወርኩም፣ የተወረወረብኝም የለም። ያኮረፉትን ለማስታረቅ ነው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ፎቶ ቤት የሄድነው፤ ሁሉም እየተቀባበለ ለብሶ አንድ አንድ ይነሳ ተባለ። የእህቴ ልጅ ምንጣፍ ላይ የደረደረችው ያንን የእርቅ ቀን ነው። ልብ ብላችሁ ካያችሁ ከአምስቱ ሁለቱ ፎቶ ላይ ሱሪውም አንድ ነው፤ እሱ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

የጋራ ልብስ የጋራ ኃጢአት እንዳለውም መናገር አለብኝ። ከአምስታችን አንዱ ሲጋራ ጀምሮ ነበር፤ ኒያላ፣ በፍሬ እየገዛ። እሱ ቅዳሜ ይለብሳል፣ እሁድ ጃኬቱ እኛ ቤት ይመጣል፤ ምክንያቱም ቁም ሳጥን ያለው እኛ ቤት ብቻ ነው። እማዬ ቁም ሳጥኑን ስትከፍት የሚቀበላት ሽታው ነው። ጠየቀችኝ፣ ማልኩ። ማን ነው ስትለኝ ዝም አልኩ፤ ጓደኛ አይነገርም። ዝምታዬን እንደ ማመን ቆጠረችው። ለአራት ዓመት ያህል እናቴ ሲጋራ አጫሽ ልጅ አለኝ ብላ ስትጸልይልኝ ኖራለች።

በ1997 ጥር 29 የቦብ ማርሌይ 60ኛ ዓመት መስቀል አደባባይ ሲከበር ጃኬቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እሁድ ቀን ቤት ዋለ። ሁሉም አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ለብሶ፣ እኛ በሰማያዊ 05 እንገባለን? አንዱ ጓደኛችን ከዚያ ቀን በኋላ ድሬድ ጀመረ፤ ሁለት ወር ሳይሞላው እናቱ ተኝቶ እያለ በመቀስ ጨረሰችለት። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለሁላችንም ፈጣን ነበር። ያ ዓመት የምርጫው ዓመት ነው። ከምርጫው በኋላ በሞባይል የጽሑፍ መልእክት መላላክ ቆመ፤ የተመለሰው ሚሊኒየሙ መዳረሻ ላይ ነው። እኛም ከአምስት ሰው ሁለት ሞባይል ይዘን በሚስኮል ቋንቋ ፈጠርን። አንድ ጥሪ "ውጣ"፣ ሁለት ጥሪ "አልወጣም"፣ ሦስት ጥሪ "ጃኬቱን ይዘህ ና"። ሦስተኛው ጥሪ እየቀነሰ መጣ። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ደርሶት ክፍለ ሀገር ሄደ። ረጅሙ ዲቪ ደረሰው።

የሚሊኒየሙ ጳጉሜ ለበዓሉ ቤት ሁሉ ታጠበ፣ ተቀባ፣ ተራገፈ። እማዬም ቁም ሳጥኑን አራገፈች። "ልዋጭ! ልዋጭ!" የሚል ልጅ በበራፍ አለፈ። እኔ ቤት አልነበርኩም። ስመለስ ግቢ ውስጥ አዲስ አረንጓዴ ሳፋ ተቀምጧል። "ያ የሲጋራ ጃኬትህ ነው" አለችኝ፤ በእልልታ ሊባል በሚችል ድምፅ።

መስከረም 1 ዋዜማ ብላክ አይድ ፒስ ሚሊኒየም አዳራሽ ሲዘፍኑ እኛ፣ የቀረነው ሦስታችን፣ ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ፊት ነበርን። ባለ ቦርጩ "ጃኬቱ ቢኖር የማን ተራ ነበር?" አለ። ቆጠርን። የረጅሙ ነበር።

ከዚያ ታይት መጣ። ቀስ ብሎ ነው የመጣው፤ ያው ልብስ ሰፊ ያሰፋልንን ሱሪ መልሶ ያጠብብልን ጀመር፣ እስከ ቁርጭምጭሚት። ታይት ደግሞ አይከፋፈልም። የእኔ ሱሪ ለባለ ቦርጩ ከጉልበቱ አያልፍም። አንድ ልብስ አንድ ገላ ሆነ፤ መዋዋስ ልጅነት ሆኖ ታየ። ይህን ነገር በታይት አላመካኝም፤ ሥራ ይዘን ነበር፣ የየራሳችን ብር ነበረን፣ የየራሳችንን መግዛት እንፈልግ ነበር። እኔ ራሴ የመጀመሪያ ደሞዜን የገዛሁበት ታይት ጥቁር ጂንስ ነው። መቀመጥ አልችልበትም ነበር፤ ማንም ግን ተራ አይጠይቀኝም።

የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ስሰብክ በትዕግሥት ሰማችኝ። የለበሰችው ሹራብ ጉልበቷ ይደርሳል፤ ኦቨርሳይዝ ይሉታል አሁን። "እኛም እኮ እንዋዋሳለን" አለችኝ። "ይሄ የጓደኛዬ ነው። ቴሌግራም ላይ ግሩፕ አለን፣ ማን ምን እንዳለው እንለጥፋለን።" ስንት ናችሁ አልኳት። "አስራ አንድ።" አፌን ዘጋሁ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ የእኛ ዘመን ብቻ ያወቀው ነገር አስመስዬ ሳወራ ቆይቻለሁ።

"ስለዚህ ጃኬቱ የት ነው?" አለችኝ በመጨረሻ። ወደ መታጠቢያ ቤቱ ይዣት ሄድኩ። እማዬ ዶሮ ማነቂያ በ2016 ከፈረሰ በኋላ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው፤ አራተኛ ፎቅ። ከዚያ ቤት ይዛ ከመጣቻቸው ጥቂት ዕቃዎች አንዱ አረንጓዴው ሳፋ ነው። ጠርዙ ተሰንጥቆ በጋለ ቢላዋ ተጠግኗል፤ ውሃ ሲጠፋ የሚጠራቀመው እሱ ውስጥ ነው። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ አነሳችው። ለፓርቲው ምን እንደምታደርገው አላውቅም።

እኔም አንስቼ ለረጅሙ ላክሁለት። አሜሪካ ሌሊት ነበር፤ ወዲያው መለሰ፦ "ዚፑ የእናቴ ነው። ከቀረው አምስተኛው የእኔ ነው።"

ለእማዬ አነበብኩላት። ከሳፋው በጆግ ውሃ እየቀዳች ነበር።

"እንግዲያው መጥቶ ይውሰዳ" አለች።